ሳትወለድ ያጠመቅኋት ሙሽራ

በመሀል አዲስ አበባ ከሚገኙ የካቶሊክ ቁምስናዎች (አጥቢያዎች) በአንዱ በጸሐፊነት መሥራት ከጀመርሁ 11 ዓመት አልፎኛል። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ሰው መዝገብ ከመግለጥ፣ ምስክር ወረቀት ከመጻፍና ማኅተም ከመምታት የማያልፍ ይመስላል፤ እኔም ስቀጠር እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የቁምስና ጸሐፊ ማለት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ጠባቂ፣ የአዳራሽ ቁልፍ ያዥ፣ የድምፅ ማጉያ ጠጋኝ፣ ትምህርተ ክርስቶስ ለሚማሩ ልጆች ጠመኔ አቅራቢ፣ አንዳንድ ጊዜም ባልና ሚስት አስታራቂ ማለት መሆኑን ተረዳሁ።

ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ከባዱ እሑድ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሴ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚጀምር እኔ በሩ ላይ የምገኘው ገና ሳይነጋ ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ብለው ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ሲመልስ እኔ ወይ የድምፅ ማጉያውን ገመድ እቀጥላለሁ፣ ወይ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የዕለቱን ማስታወቂያ አባዛለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ለሙታን መታሰቢያና ለሕሙማን ጸሎት የሚያስይዙ ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ከቁምስናው ምክር ቤት አባላት ጋር የሙዳየ ምጽዋቱ ቆጠራ አለ፤ በሳምንቱ የሥራ ቀናት መምጣት የማይችሉ ሰዎች የሚፈልጉት ምስክር ወረቀት አለ። ሌላው ሰው ሰንበትን የሚያከብርበት ቀን ለእኔ የገበያ ቀን ያህል ነበር። የሚያስገርመው በዚህ አለመከፋቴ ነው። «እሱ እኮ አያርፍም» ሲሉኝ እንደ ምርቃት እቀበለው ነበር። ማኅተሙንም ከኪሴ አልለየውም ነበር፤ ቤቴ ራት ላይ ተቀምጬ እንኳ በጃኬቴ ውስጥ መኖሩን በእጄ ዳብሼ የማረጋግጥበት ጊዜ ብዙ ነበር።

አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር። በእኛ ጽሕፈት ቤት «ዕረፍት» የሚለው ቃል የሚሰማው ከሞት ጋር ብቻ ነበር። ሰዎች ጥቁር ለብሰው ይመጡና «አባታችን ዐረፉ» ይላሉ፤ እኔም ቀኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ። ቋንቋችን መሞትንና ማረፍን በአንድ ቃል መጥራቱን ያን ጊዜ አስተውዬው አላውቅም፤ አሁን ሳስበው ግን ሳልሞት ማረፍ ነውር የመሰለኝ በከፊል ከዚያ ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የደረሰው በጥር ወር ነው። ጥር በአገራችን የሠርግ ወር ነውና፣ ዐቢይ ጾም ከገባም ሠርግ ስለማይደረግ፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ጠያቂው በዚያ ወር ይበዛል። ተጋቢዎች ለጋብቻ በቅርብ ጊዜ የተጻፈ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ማቅረብ አለባቸው፤ ምክንያቱም ሰውየው ቀደም ብሎ አግብቶ ከሆነ ያ ጋብቻ በጥምቀት መዝገቡ ኅዳግ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከዓመታት በፊት የወጣ ወረቀት ይህን አያሳይም። ከጠያቂዎቹ መካከል ልጃቸው በጣልያን አገር የምትሠራ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው እዚያው ልታገባ ነውና የጥምቀት ማስረጃዋ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎ መላክ አለበት። እናቲቱ በሥራ ቀን መምጣት እንዳልቻሉ ነገሩኝና እሑድ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቀጠርኋቸው። ያን ዕለት ቁርሴን አልበላሁም፤ ምሳዬም አንድ ሳምቡሳ ነበረች።

መዝገቡን ገለጥሁ። ልጅቱ የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ የተጠመቀችው እሑድ የካቲት 5 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የፈረንጆች ታኅሣሥ እስኪያልቅ ድረስ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ የእነርሱ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ግን እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ይሆናል። ስለዚህ ልደቷ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1994፣ ጥምቀቷ ደግሞ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1995 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ይህን ልወጣ በእነዚያ ዓመታት ስንት መቶ ጊዜ እንደ ሠራሁት አላውቅም፤ ዐይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ እል ነበር። ያን ዕለት በእውነትም ዐይኔን ጨፍኜ ሠራሁት። ለሁለቱም ቀን ሰባት ሰባት ጨመርሁና ጥምቀቷን 1994 ብዬ ጻፍሁ። የቁምስናው ኃላፊ ካህን የሆኑት ቆሞሳችን ከአንድ የቀብር ጸሎት ወደ ሌላ ጉዳይ ሲያልፉ በር ላይ አግኝቼ አስፈረምኋቸው፤ እምነት ጥለውብኝ ስለ ነበር አላነበቡትም። ማኅተሙን ከኪሴ አውጥቼ መታሁ። እናቲቱም መርቀውኝ ሄዱ።

ወረቀቱ የተመለሰው በየካቲት መጨረሻ ነው። በዚያ አገር ያሉት ካህን የተጋቢዎቹን ሰነድ ሲያገላብጡ ሙሽራይቱ ከመወለዷ ዘጠኝ ወር ቀደም ብላ እንደ ተጠመቀች ተጽፎ ቢያገኙት ፋይሉን አቆሙት፤ ያድርጉት እንጂ ምን ያድርጉ። የተስተካከለው ወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ደርሶ፣ እንደገና ተመርምሮ እስኪያልፍ ድረስ የሠርጉ ቀን በሦስት ሳምንት ተገፋ። ለአዳራሽ የተከፈለው ቀብድ ቀረ፤ የእናቲቱም የአውሮፕላን ትኬት በተጨማሪ ክፍያ ተቀየረ።

እናቲቱ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «አንተ ልጅ፣ ያን ዕለት ፊትህን አይቼ ሌላ ቀን ልምጣ ብዬህ ነበር እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን «እማማ፣ እኔ ለእግዚአብሔር ቤት እሑድም ማታም የለኝም» ብዬ በኩራት መልሼላቸው ነበር።

አዲሱን ወረቀት እየተንቀጠቀጥሁ ጽፌ ለማስፈረም ወደ ቆሞሱ ክፍል ገባሁ። አባ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ካህን ናቸው። የተሳሳተውንና የተስተካከለውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «‹በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ፥ ከማኅፀንም ሳትወጣ ቀድሼሃለሁ› የተባለው ለነቢዩ ኤርምያስ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሳቅሁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ፈረሙልኝና ብዕሩን ሳያስቀምጡ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስቀደስኸው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ የዋልሁበት እሑድ አልነበረም፤ ነገር ግን ተቀምጬ ወንጌል የሰማሁበትን እሑድ ባስብ ባስብ ትዝ ሊለኝ አልቻለም። ቁርባን ለመቀበል እንኳ ቁልፎቼን እያንሿሿሁ በጎን በር ገብቼ በዚያው ነበር የምወጣው። ይህን ስነግራቸው፣ በወቀሳ ሳይሆን ታሪክ እንደሚተርክ ሰው ሆነው እንዲህ አሉኝ።

«ይህ አገር እኮ ቅዳሜ ነው እሑድ እየተባለ መቶ ዓመት የተጨቃጨቀ አገር ነው። የመነኩሴው የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን ካላከበርን ብለው ተሰድደዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስቦ ሁለቱም ይከበሩ እስኪባል ድረስ ነገሩ አልበረደም። በሱስንዮስ ዘመን ደግሞ የእኛው የካቶሊክ መምህራን ቅዳሜን እናስቀር ብለው አገር ካወኩት ነገር አንዱ ይህ ነበር፤ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ያ ሁሉ ሰው የተጣላው የትኛውን ቀን እናክብር በማለት ነው። አንተ ግን ከማንም ሳትጣላ ሁለቱንም ሻርሃቸው።»

ከዚያም ከመደርደሪያቸው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናትን ሕገ ቀኖና አወረዱ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው ይህ ሕግ እኛንም የግእዙን ሥርዓት ተከታዮች የሚመለከት ነው። ቁጥር 881 ላይ ጣታቸውን አድርገው አስነበቡኝ። በእሑድና በበዓላት ማስቀደስ ግዴታ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጊዜው ከዋዜማው ምሽት እንደሚቆጠርም አውቃለሁ። ዝቅ ብሎ ያለውን ግን እንደ አዲስ ነገር አነበብሁት፤ አምልኮን ከሚያሰናክል ሥራ ብቻ ሳይሆን የጌታን ቀን ደስታ ወይም የአእምሮንና የአካልን ተገቢ ዕረፍት ከሚከለክል ሥራም መታቀብ እንደሚገባ ይናገራል። የበለጠ ያሳፈረኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች በጻፉት መልእክት የእሑድ ዕረፍት ሥራ ፈትነት ሳይሆን ወደ እግዚአብሔር የሚያቀና ዕረፍት ነው ማለታቸውን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ ለምእመናኑ ታድሎ ነበር። የተየብሁትም ያባዛሁትም እኔ ነኝ፤ ያባዛሁትም እሑድ ነው።

ወሬው ወደ ምክር ቤቱ ደረሰ። ከአባላቱ አንዱ በሙያቸው የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆኑ ነገሩን በቀኖና ሳይሆን በአዋጅ አዩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቆራረጠ ቢያንስ 24 ሰዓት ዕረፍት እንደሚገባው፣ የዓመት ፈቃዱም በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ አገልግሎቱ ሲጨምር እንደሚጨምር፣ ሠራተኛው ራሱ ፈቃዴን ትቻለሁ ብሎ ቢዋዋል እንኳ ውሉ እንደማይጸና አስረዱ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሕግ አውጪዎቹ እንደ እኔ ያለ ሰው እንደሚኖር እንዴት ቀድመው ዐወቁ? ዕረፍቴን መተው በእጄ ያለ ስጦታ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በሕግም ዘንድ የመስጠት መብት አልነበረኝም።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ተወሰነ። እሑድ ጽሕፈት ቤቱ ከሁለተኛው ቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይከፈታል፤ የሚጻፍ ወረቀት ሁሉ ለሥራ ቀን ይቀጠራል፤ የድምፅ ማጉያውንና ቁልፉን ወጣቶቹ በተራ ይይዛሉ። ለእኔ ደግሞ ሰኞ ዕረፍቴ ይሆናል፤ ማኅተሙም እሑድ ማታ በአባ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። ምእመናኑ ይህን በደስታ ተቀበሉት ማለት ውሸት ይሆናል። «ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንደ ቀበሌ በሰዓት መሥራት ጀመረ ወይ» ያሉ ነበሩ፤ ከሩቅ ሰፈር ለሚመጡ ሰዎችም የምር ችግር ሆነባቸው። ለእነርሱ ቅዳሜ ረፋዱን ከፍተን እስክናስተናግድ ድረስ ወራት ወስዷል።

የመጀመሪያው ሰኞ በጠዋት ተነሣሁ፤ ልብሴን ለበስሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ባለቤቴ ወደ ሥራዋ ሄዳለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እግሬ በለመደው መንገድ እየሄደ 3 ሰዓት ሳይሞላ ከቁምስናው በር አደረሰኝ። ትናንት መብራት ሳይጠፋ ቀርቶ እንደ ሆነ ልይ ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርሁት ምክንያት ያ ነው። ዘበኛችን ግን በሩን ገርበብ አድርገው በመካከሉ ቆሙና፣ «ሰኞ አታስገባው ብለውኛል፤ እኔ እንጀራዬን አላጣም» አሉኝ። «ጋሼ፣ መብራቱን ብቻ አይቼ ልውጣ» ብላቸው፣ «መብራቱን እኔ አጥፍቼዋለሁ። ሰው ሁሉ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» ብለው በሩን ዘጉት። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ለጥቂት ደቂቃ የተዘጋውን በር አየሁ። ሁለት ሴቶች መጥተው አንኳኩ፤ ዘበኛው አነጋገሯቸው፤ በሰላም ተመለሱ። ያለ እኔ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ነገር ድካም ብዬ ልጠራው አልችልም፤ ቅናት ነበር። እኔ በሌለሁበት ያ ቤት መቆሙ ከፋኝ። ለዓመታት አገልግሎት እያልሁ የጠራሁት ነገር ውስጥ፣ ቤቱን የሚጠብቀው እግዚአብሔር መሆኑን አለማመን ምን ያህል ተቀላቅሎበት እንደ ነበር ያየሁት እዚያ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜ ነው። ይህን በኋላ በንስሐ ተናግሬዋለሁና እዚህ ላይ ከዚህ በላይ አላበዛውም።

መዝናናት የሚባለው ነገር ግን ለእኔ ከጸሎትም ይከብዳል። ያደግሁት ቁጭ ብሎ የተገኘ ልጅ ወዲያው በሚላክበት ቤት ነው፤ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው ሳይ አሁንም ውስጤ ይቆጣል። በሁለተኛው ሰኞ ከቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርጄ፣ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ አልፌ፣ እንዲሁ ስሄድ ፍል ውሃ ደረስሁ። በዚያ አካባቢ በታክሲ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም። ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለሁ አንድ አዛውንት ከጎኔ ተቀምጠው የጉልበታቸውን ሕመም ያጫውቱኝ ጀመር። እቴጌ ጣይቱም እኮ ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ እዚህ ይታጠቡ ነበር፤ ከተማው በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረው በዚሁ ውሃ ምክንያት ነው አሉኝ። ታሪኩን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ባውቀውም እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር። ሁላችን የምንጣደፍባት፣ አስፋልት ለመሻገር የምንሯሯጥባት ይህች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሰፈረባት ገላን ታጥቦ ለማረፍ ነው። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ተራዬ ተጠርቶ አለፈኝ፤ እርሳቸው «ተዉት፣ ደክሞት ነው» ብለው ለሌላ ሰው እንዳሳለፉልኝ ያወቅሁት ከነቃሁ በኋላ ነው።

እሑድ አሁን ከሕዝቡ ጋር እቀመጣለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድምፅ ማጉያው በተንጫረረ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሣ ነበር፤ ባለቤቴ በክንዷ ትይዘኛለች። በማርቆስ ወንጌል ውስጥ ጌታ ሐዋርያትን ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ ያለበት፣ የሚመጡትና የሚሄዱት ብዙ ስለ ነበሩ ለመብላት እንኳ ጊዜ ማጣታቸው የተነገረበት ክፍል በተነበበ ዕለት፣ ሳምቡሳዬን አስታውሼ ብቻዬን ፈገግ አልሁ። ቤትም ስንደርስ ቡናው ይፈላል። ቀድሞ አቦሉን በቁሜ ጠጥቼ ስወጣ ቶናውና በረካው ለእኔ የሌላ ሰው ነበሩ፤ አሁን እስከ በረካው እቆያለሁ። ታናሿ ልጄ ለእናቷ «አባዬ ታሟል እንዴ?» ብላ መጠየቋን ሰምቻለሁ።

ባለፈው ሰኔ ከጣልያን አንድ ደብዳቤ መጣ። ጋብቻ በሌላ ቁምስና ሲፈጸም ጥምቀቱ ለተመዘገበበት ቁምስና ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ፣ ያቺ ሙሽራ ማግባቷን የሚገልጽ ወረቀት ነበር። የደረሰው ሰኞ ነው፤ ዘበኛው ተቀብለው ማክሰኞ ጠዋት ሰጡኝ። መዝገቡን አወጣሁ፤ የ1987 ዓ.ም.ን ገጽ ገለጥሁ፤ የጋብቻውን ቀን በሌላ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ካመሳከርሁ በኋላ በስሟ ትይዩ ኅዳጉ ላይ ጻፍሁት። ከዚያም ማኅተሙን ለመቀበል ወደ አባ ክፍል ሄድሁ።